ቪጎ ፒካፕ ላይ ምትክ የፊት መብራትና የፍሬቻ አምፑል ስለ መግጠም

ባለ_ቪጎ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እ.ኤ.አ. የ2008 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ቪጎ፣ ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ አለኝ። በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የግንባታ ዕቃ የማመላልስበት ሲሆን ሥራው ብዙ ጊዜ ያመሻል። የፊት መብራቶቹ ሽፋን ከፀሐይ ብዛት ቢጫ ሆኖ ስለነበር ከሶማሌ ተራ ኦርጂናል ያልሆኑ አዲስ የመብራት ቤቶች (ሽፋኑንና አንጸባራቂውን አንድ ላይ የያዘውን ክፍል) ገዝቼ አስገጠምሁ። በዚያው አጋጣሚ የኤች4 ሃሎጅን አምፑሎቹን በኤልኢዲ፣ የፍሬቻ አምፑሎቹንም የፊቱንም የኋላውንም በኤልኢዲ አስቀየርሁ።

ከዚያ ወዲህ ግን አጭር መብራት ላይ ሆኜ እንኳ ከፊት ለፊት የሚመጡ አሽከርካሪዎች ረጅም እያበሩ ያስጠነቅቁኛል። ከመኪናው አፍንጫ ሥር ያለው መሬት ወለል ብሎ ይታያል፤ ራቅ ያለው ግን ከቀድሞው የባሰ ጨለማ ነው። ረጅም መብራት ሳበራ ዳሽቦርድ ላይ መብራት የነበረባት ሰማያዊ ምልክት አትበራም። ፍሬቻውም ከወትሮው እጥፍ በሚሆን ፍጥነት ይመታል። የገጠመልኝ ባለሙያ ኤልኢዲ ጠባዩ እንደዚህ ስለሆነ ይለመዳል ብሎኛል። እኔ ግን በተለይ የዓባይን በረሃ በሌሊት ስወርድ ከታች የሚወጣውን አሽከርካሪ ዓይን እያጠፋሁ መሄድ አልፈልግም። ይህ የሚስተካከል ነገር ነው ወይስ ወደ ሃሎጅን ልመለስ? የምታውቁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

የሽቦ_ሰው፦

ወንድሜ፣ የጠቀሷቸው ችግሮች የየራሳቸው ምክንያት ስላላቸው አንድ ላይ ባንጨፈልቃቸው ይሻላል። ከሁሉ በፊት የመብራቱን ቤት እንመርምር፤ አምፑሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የአጭር መብራት ብርሃን ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። እንደ እኛ መንገዱን በቀኝ ይዞ በሚነዳ አገር፣ ብርሃኑ በግራ በኩል ተላላፊው መኪና በሚመጣበት አቅጣጫ ዝቅ ብሎ ይቆረጣል፤ በቀኝ በኩል ግን የመንገዱን ዳርና በዳሩ የሚሄደውን እግረኛ እንዲያሳይ ከፍ ይላል። ሃይሉክስ በብዛት ከሚመረትባቸው አገሮች አንዷ ታይላንድ ናት። ታይላንድ ደግሞ መንገድ በግራ የሚያዝባት አገር ስለሆነች፣ ለዚያ ገበያ የተሠራ የመብራት ቤት ብርሃኑን ከፍ የሚያደርገው በግራ በኩል ነው። ያ ቤት እዚህ ሲመጣ ብሎኑም ሶኬቱም ልክክ ብሎ ይገባል፤ ከውጭ ሲታይም ከትክክለኛው የሚለይበት ነገር የለም። ሌሊት ሲበራ ግን ለመንገዱ ዳር የታሰበው ብርሃን በቀጥታ ተላላፊው ዓይን ላይ ያርፋል። ማዘንበያውን ዝቅ በማድረግ ይህን ማዳን አይቻልም፤ ዝቅ በተደረገ ቁጥር የራስዎ መንገድ ያጥርብዎታል እንጂ የብርሃኑ ቅርጽ አይገለበጥም።

ለማጣራት ከመኪናው ፊት ቆመው ሽፋኑ ላይ በክብ ውስጥ የተቀረጸውን የላቲን ፊደልና ቁጥር ይፈልጉ፤ የማረጋገጫ ምልክቱ እርሱ ነው። ከምልክቱ ሥር ወደ ቀኝ እጅዎ የሚያመለክት ቀስት ካለ ቤቱ መንገድ በግራ ለሚያዝበት አገር ብቻ የተሠራ ነው። ማረጋገጫው ኖሮ ቀስት ከሌለ ለእኛ ዓይነት መንገድ የተሠራ ነው። ቀስቱ በሁለቱም ጫፍ ከሆነ ለሁለቱም እንዲሆን ሊቀያየር የሚችል ነው። ምንም ዓይነት ማረጋገጫ ያልተቀረጸበት ከሆነ የቀስቱ አለመኖር ምንም ስለማይነግረን፣ ማታ ከግድግዳ ፊት አቁመው የትኛው ወገን ከፍ እንደሚል በዓይንዎ ይዩ፤ ይህን ሲያደርጉ ሃሎጅን አምፑሉን መልሰው ያስገቡ።

ሃሎጅኑን መልሱ የምልበት ምክንያት አለኝ። ኤች4 አምፑል በውስጡ ሁለት ክሮች አሉት፤ አንዱ ለአጭር 55 ዋት፣ ሌላው ለረጅም 60 ዋት ነው። በአጭሩ ክር ሥር ትንሽ የብረት ጽዋ አለች። ይህች ጽዋ ብርሃኑ ወደ ታችኛው የአንጸባራቂው ክፍል እንዳይደርስ ትከልላለች፤ ብርሃኑ ወደ ላይ ሳይበተን የሚቆረጠውም በእርሷ ምክንያት ነው። የመብራት ቤቱ አንጸባራቂ የተቀረጸው ክሩ ከሚቀመጥባት ነጥብ ተነሥቶ ነው። ኤልኢዲው ከዚያች ነጥብ ትንሽ እንኳ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቢል፣ ወይም የተለጠፈበት ሳህን ከክሩ ቢወፍር፣ ብርሃኑ ቢበዛም የሚሄድበትን አያውቅም። ከመኪናው አፍንጫ ሥር መድመቁና ራቅ ያለው መጨለሙ የዚህ ምልክት ይመስለኛል። የቅርቡ መሬት ሲደምቅ ደግሞ የዓይን ብሌን ይጠብና የሩቁን ለማየት ይበልጥ ያስቸግራል።

አምፑሉን አውጥተው አንድ ነገር ይመልከቱልኝ። ቦታው ላይ ተቆልፎ ሲቀመጥ ብርሃን ሰጪዎቹ ቅንጣቶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማየት አለባቸው። ወደ ላይና ወደ ታች ከሆኑ አንገቱ ላይ ያለው ቀለበት ዞሮ ገብቷል ማለት ነው፤ በብዙ አምፑሎች ላይ ቀለበቱ ትንሽ ብሎን ተላልቶለት ይዞራል።

የጣርማበር_መንገደኛ፦

ከላይ የተጻፈውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የኤልኢዲን ጥቅም እንዲሁ መጣል ተገቢ አይመስለኝም። እኔ በደሴ መስመር የምሠራ ሾፌር ነኝ። በሌሊት መንገድ ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው፣ መብራት የሌለው ጋሪ፣ አስፋልት ላይ የተኛ ከብት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። የድሮው ሃሎጅን ሻማ ከመሆን አይዘልም ነበር፤ ኤልኢዲ ካስገባሁ ወዲህ ቀድሜ አያለሁ። ብርሃን የሚያንስበት መንገድ ላይ ብርሃን ቀንሱ ማለት ለሕይወት አያሰጋም ወይ?

የሽቦ_ሰው፦

ወንድሜ፣ እግረኛውን ቀድሞ ማየት የሁላችንም ጉዳይ ስለሆነ ጥያቄዎ ትክክል ነው። ሆኖም ሃሎጅኑ እንደ ሻማ የሆነበትን ምክንያት ሳንመረምር አምፑሉን መወንጀል የለብንም። የአምፑል ብርሃን ከሚደርሰው ቮልት ጋር እኩል አይቀንስም፤ ከዚያ በጣም በፈጠነ መጠን ይወርዳል። ቮልቱ በ10 በመቶ ቢጎድል ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይጎድላል። ዕድሜ በጠገበ ፒካፕ ላይ ደግሞ ይህን ያህል መጉደል የተለመደ ነው፤ ሽቦው ቀጭን ነው፣ ሶኬቱ ዝጓል፣ በመሪው ሥር ያለው ማብሪያ ተበልቷል።

የሚለካው እንዲህ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ፣ ሃሎጅን አምፑሉ በቦታው ሆኖ እየበራ፣ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ጫፎች ከሶኬቱ ጀርባ አስገብታችሁ አንብቡ፤ ከዚያ ባትሪው ላይ ያለውን አንብቡና አወዳድሩ። አምፑሉን ነቅሎ ባዶ ሶኬት መለካት አይጠቅምም፤ ጭነት የሌለበት ሽቦ ምንጊዜም ሙሉ ቮልት ያሳያል። ኤልኢዲ ገብቶ መለካትም ያሳስታል፤ የሚስበው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ጉድለቱን ይደብቀዋል።

ጣርማበርን ካነሡ አይቀር፣ ደመናው ሲወርድ 6000 ኬልቪን የሚባለው ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ብርሃን ጉሙ ላይ ነጭ ግድግዳ እንደሚሠራብዎ ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ። በጉም ውስጥ የሚረዳው ዝቅ ብሎ የተቆረጠ አጭር መብራት ነው። ወደ ላይ የሚበተን ብርሃን ሁሉ ከጠብታዎቹ ተመልሶ የራስዎን ዓይን ይመታል።

ባለ_ቪጎ፦

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደተባለው አየሁት። ቀስቱ አለ፤ ፊት ለፊት ቆሜ ሳየው ወደ ቀኝ እጄ ያመለክታል፣ በሁለቱም መብራቶች ላይ። ግድግዳ ላይም ሃሎጅኑን መልሼ ሳበራው ከፍ የሚለው የግራው ወገን ነው። የኤልኢዲዎቹ ቅንጣቶች ግን በትክክል ግራና ቀኝ ያያሉ።

ቮልቱንም አስለካሁ፤ ባትሪው ላይ 13.9፣ ሶኬቱ ላይ 12.5 ነው። የሸጠልኝ ሱቅ ዕቃው ካልተቧጨረ በመሪ ግራ ቤት፣ ማለትም መሪው በግራ ለሆነ መኪና በተሠራ፣ እንደሚለውጥልኝ ተስማምቷል። በመጠባበቂያነት የያዝሁት ሌላ አምፑል ደግሞ 75/70 ዋት ይላል፤ እርሱን ብጠቀም ብርሃኑ ይጨምራል?

የሽቦ_ሰው፦

እንዳይጠቀሙበት። 75/70 የሚለው ኤች4 ባለ 24 ቮልት ነው፤ የአይሱዙና የሌሎች የጭነት መኪናዎች አምፑል ነው። አንገቱ አንድ ስለሆነ ቪጎ ላይ ይገባል፣ ነገር ግን በ12 ቮልት ቀላ ብሎ ከመፍዘዝ አያልፍም። ገበያ ላይ 100/90 ዋት የተባለ ባለ 12 ቮልትም ያገኛሉ፤ እርሱ ደግሞ ሁለቱ ሲበሩ ወደ 17 አምፔር ስለሚስብ ሶኬቱን ያቀልጣል፣ የፕላስቲኩን አንጸባራቂም ያጨልማል።

ከ13.9 ወደ 12.5 መውረዱ ያንኑ 10 በመቶ ነው፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ከብርሃንዎ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ሽቦው ላይ እየቀረ ነበር። መፍትሔው ባለ ሪሌ ሽቦ መዘርጋት ነው፤ ሪሌ ማለት በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ ያለው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ተነሥቶ በሪሌ በኩል በቀጥታ ወደ አምፑሉ ይሄዳል፤ የድሮው ሽቦ ሪሌውን ለማዘዝ ብቻ ያገለግላል። ለአጭር አንድ፣ ለረጅም አንድ ሪሌ ይበቃል፤ ባለ 30 አምፔር ይሁን። ሁለት 55 ዋት አምፑሎች የሚስቡት 9 አምፔር ተኩል ገደማ ስለሆነ ባለ 15 ፊውዝ በቂ ነው። ማሳውን (የኔጌቲቩን ሽቦ) ቀለሙ የተፋቀ የሻሲ ብረት ላይ በብሎን ያስሩት።

እዚህ ላይ ብዙ ጋራዦች የሚሰናከሉበት ነገር አለ። በብዙ ቶዮታዎች ማብሪያው የሚያበራና የሚያጠፋው ፖዘቲቩን ሳይሆን ማሳውን ነው። መብራቱ ሲከፈት ከሶኬቱ ሦስት እግሮች አንዱ አጭርም ረጅምም ቢሆን ሁልጊዜ 12 ቮልት ካሳየ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ተራ በተራ ማሳ የሚያገኙ ከሆነ የእርስዎም እንደዚያ ነው። ስለዚህ ከሪሌው እግሮች 86 ቁጥር የተጻፈበት ከፖዘቲቩ፣ 85 ደግሞ ማሳ ከሚቀያየርበት እግር ጋር ይገናኛል፤ 30 ከባትሪው ይመጣል፣ 87 ወደ አምፑሉ ይሄዳል።

ሰማያዊዋ ምልክት ያልበራችውም በዚሁ ምክንያት ነው። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ምልክቷ ኤሌክትሪክ የምታገኘው ባልበራው የአጭር መብራት ክር በኩል አልፎ ነው። ኤልኢዲ ሲገባ ያ ክር ስለሌለ መንገዱ ይዘጋባታል። ረጅም መብራት ላይ መሆንዎን ሳያውቁ እንዲነዱ ስለሚያደርግ ይህንን እንደ ቀላል ነገር አልቆጥረውም። ሃሎጅኑ ሲመለስ ትመለሳለች። ባለ ሪሌ ሽቦ ሲዘረጋም መብራት ማቆሟን ወይም አለማቆሟን ሳያረጋግጡ ከጋራዡ አይውጡ።

ኮሎኝ_ነዋሪ፦

ከጀርመን የምጽፍ የዚሁ መኪና ባለቤት ነኝ፤ እዚህ ያለውን አሠራር ብጨምር ይጠቅም ይሆናል። ለሃሎጅን በተሠራ ቤት ውስጥ ኤልኢዲ ማስገባት እስከ እ.ኤ.አ. 2020 ድረስ ጨርሶ አይፈቀድም ነበር። በዚያ ዓመት የአምፑል አምራቹ ኦስራም የመጀመሪያውን ፈቃድ አገኘ፤ ፈቃዱ ግን ለአምፑሉ ብቻ የተሰጠ አልነበረም። መጀመሪያ ኤች7 ለሚባለው ሌላ ዓይነት አምፑል፣ ኋላም ለኤች4 የወጡት ዝርዝሮች የመኪናውን ሞዴልና የመብራቱን ቤት የማረጋገጫ ቁጥር ጭምር ይጠቅሳሉ። ያው አምፑል በአንዱ መኪና የተፈቀደ ሆኖ ከጎኑ በቆመው ሌላ መኪና የተከለከለ ነው። የሽቦ ሰው አምፑልና ቤት ተነጣጥለው አይታዩም ያሉት ነገር እዚህ በሕግ ተጽፎ ይገኛል።

ቡና_ጫኝ፦

ጋሼ የሽቦ ሰው፣ በጅማ አካባቢ የቆየ ሃይሉክስ አለን፤ የባለ ቪጎው ወንድማችን ያነሣው የፍሬቻ መፍጠን በእኛም ላይ ደርሷል። ኤልኢዲ የገባው የኋላው ብቻ ነው። አንዱ ባለሙያ ሬዚስተር አስገቢ ይለኛል፣ ሌላው ፍላሸሩን (ፍሬቻውን የሚያስመታውን ዕቃ) ቀይሪ ይላል። ለየትኛው ልመን?

የሽቦ_ሰው፦

እህቴ፣ መጀመሪያ የሚፈጥንበትን ምክንያት ልንገርሽ። በአንድ ወገን ከፊትና ከኋላ ባለ 21 ዋት፣ በጎን ደግሞ ባለ 5 ዋት አምፑል ካለ ፍላሸሩ የሚጠብቀው 47 ዋት ነው። አንድ አምፑል ሲቃጠል የሚሳበው ኃይል ይቀንስና አሽከርካሪው እንዲያውቅ ምቱ ይፈጥናል። ኤልኢዲው ጥቂት ዋት ብቻ ስለሚወስድ ፍላሸሩ አምፑሉ ተቃጥሏል ብሎ ይፈርዳል።

ሬዚስተሩ የጎደለውን ጭነት ስለሚተካ ይሠራል፤ ግን እኔ አልወደውም። ባለ 6 ኦም የሚባለው ሞተር ተነሥቶ ቮልቱ 13.8 ሲደርስ በበራ ቁጥር 32 ዋት ያህል ወደ ሙቀት ይቀይራል። መታጠፊያ ላይ ለአጭር ጊዜ ሲበራ ችግር የለውም። መኪናው ተበላሽቶ አራቱም ፍሬቻዎች ለረጅም ሰዓት ሲበሩ ግን እጅ ያቃጥላል፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሽቦ ጋር ወይም ከመብራቱ የፕላስቲክ ቤት ጋር ከታሰረ ያቀልጠዋል። የግድ ከሆነ በራሱ ቀዳዳዎች በብሎን ከብረት አካል ጋር ይታሰር።

ፍላሸሩን መቀየር የጸዳው መንገድ ነው። በቆየው ሃይሉክስ ላይ ያለው ባለ ሦስት እግር ነው፤ አንዱ ፊደል ከፖዘቲቭ የሚመጣውን፣ ሁለተኛው ወደ አምፑሎቹ የሚሄደውን፣ ሦስተኛው ማሳውን ያመለክታል። ምትኩን ስትገዢ የፊደሎቹ አቀማመጥ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን አድርገሽ አወዳድሪ፤ እግሮቹ እኩል ሆነው ተራቸው የሚለያይ አለ። ለባለ ቪጎውም ይኸው ይሠራል፤ የእርሳቸው ግን ባለ ስምንት እግር ሊሆን ስለሚችል አሮጌውን ነቅለው ይዘው ይሂዱ። ከተገጠመ በኋላ ሰዓት ይዛችሁ ምቱን ቁጠሩት፤ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 መካከል መሆን አለበት። በሁለቱም መንገድ ግን አምፑል ሲቃጠል በፍጥነት የሚነግራችሁ ምልክት ስለሚጠፋ፣ ከጭነት በፊት ዞር ብላችሁ ማየትን ልማድ አድርጉት።

ስለ ቀለሙ ሱቆች የማይነግሯችሁን ልጨምር። ሽፋኑ ነጭ ከሆነ ኤልኢዲው ራሱ ብርቱካናማ መሆን አለበት። ሽፋኑ ብርቱካናማ ቢሆንም ነጭ ኤልኢዲ አታስገቡ፤ በፀሐይ ጊዜ ደብዝዞ ይታያል። ብርቱካናማው ባለ 21 ዋት አምፑል አንገቱ ላይ ያሉት ሁለት ጆሮዎች ሆን ተብሎ ፊት ለፊት አልተደረጉም፤ በመካከላቸው ያለው 150 ዲግሪ ነው፣ ነጭ አምፑል በስሕተት እንዳይገባ። ጆሮውን ሞርዶ የሚያስገባ ጋራዥ ካያችሁ አትፍቀዱለት። በመጨረሻም በቀትር ፀሐይ ከመኪናው ጎን በሰያፍ ቆማችሁ እዩት፤ ከፊት ብቻ ብልጭ ብሎ ከጎን የማይታይ ፍሬቻ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ነጂውን አያስጠነቅቅም።

ባለ_ቪጎ፦

ሥራው ተጠናቋል። በመሪ ግራ ቤት ተለውጦልኛል፤ አሁን ግድግዳ ላይ ከፍ የሚለው የቀኙ ወገን ነው። ባለ ሪሌ ሽቦ ተዘርግቶ ሶኬቱ ላይ 13.6 ቮልት ይነበባል። የገባው ተራው 60/55 ሃሎጅን ነው፤ የመንገዱ ዳር ቀድሞ ከማየው አርቆ ይታየኛል፣ ማንም ረጅም አላበራብኝም። ሰማያዊዋ ምልክትም ተመልሳለች። የፍላሸሩ ቅያሪ ምቱን አስተካክሎታል።

ኤልኢዲው በነበረበት ጊዜ ማራገቢያው እንዲገባ ተብሎ የኋላው የላስቲክ ሽፋን ተቆርጦ ነበር። የጣልኋቸውን ቤቶች ውስጣቸውን ሳያቸው በዚያች ጊዜ ብቻ አንጸባራቂው ላይ ቀይ አቧራ ተጋግሮበታል፤ አዲስ ላስቲክ ገዝቼ አስገብቻለሁ። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። ሲሚንቶ ስጭን የመኪናው አፍንጫ ከፍ ስለሚል መብራቱ ወደ ላይ ያያል። ማዘንበያውን ባዶ ሆኖ ላስተካክል ወይስ ተጭኖ?

የሽቦ_ሰው፦

ላስቲኩን መተካትዎ መልካም ነው፤ አቧራው በጨርቅ ሲጠረግ የአንጸባራቂው ብርማ ቅብ ይፋቃልና ከመግባቱ መከልከል ብቻ ነው የሚያዋጣው።

በመሪው አካባቢ ከዜሮ የሚጀምር የመብራት ማዘንበያ ቁልፍ ካለ፣ መኪናው ባዶ ሆኖ፣ ሾፌር ተቀምጦ፣ ቁልፉ ዜሮ ላይ ሆኖ ያስተካክሉ፤ ሲጭኑ ቁልፉን ወደ ከፍተኛው ቁጥር በማዞር ዝቅ ያደርጉታል። ቁልፉ በሁሉም ቪጎ ላይ የለም። ከሌለ አብዛኛውን ሌሊት በሚነዱበት ጭነት ልክ ያስተካክሉት፤ ባዶ ሲሆኑ ብርሃኑ ትንሽ ያጥራል፣ ግን ማንንም አይጎዳም።

ጎማዎቹን በትክክለኛው ንፋስ ሞልተው፣ ሜዳ ቦታ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀው ያቁሙ። የመብራቱን መሃል ቁመት ከመሬት ለክተው ያንኑ ግድግዳው ላይ በኖራ ያስምሩ። ቁመቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የአጭሩ ብርሃን ጠፍጣፋ ጠርዝ ከመስመሩ ከ5 እስከ 7.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ከ1 ሜትር በላይ ከሆነ ከ7.5 እስከ 10። በመካከል ላለ ቁመት 7.5ን ይያዙ። አንዱን መብራት በጨርቅ ከልለው ሌላውን፣ ከዚያ በተራው ያኛውን ከጀርባው ባለው ማስተካከያ በካቻቢቴ ያዙሩ። ባሌስትራ ካስጨመሩ ወይም የጎማውን ቁመት ከቀየሩ ልኬቱን ከመጀመሪያው ይድገሙት።